ለእንግዳ ያጣራሁት ውሃ

ይህ የሆነ ነገር ነው። በእኔ ላይ የሆነ። የማታምኑ ካላችሁ መንገዱ ክፍት ነው፤ ማንም አስሮ አልያዛችሁም።

ቀኑ ማክሰኞ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ቦታው የገዛ ግቢዬ፣ የውሃ ጉድጓዴ አጠገብ።

በዚህ ቻናል ላይ «ሌሊት ያየሁት፣ በጨለማ የሰማሁት» የምትሉትን ሲያነቡልኝ እሰማለሁ። የእኔ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው የገዛ ጥላውን ረግጦ በሚቆምበት ሰዓት።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አፍሬበትም አላውቅም። የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ምራት ናት።

«እማማ፣ ትንሽ አሳምሬ ልጻፈው?» አለችኝ።

«የነገርኩሽን ብቻ ጻፊ። ለዚህ ያበቃኝ ማሳመር ነው» አልኳት።

መጻፏን ቀጠለች። ታውቃለች።

ከመንደራችን በላይ ማዕድን የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ድንጋዩን ይፈጩና የሚፈልጉትን ወስደው፣ የተረፈውን ጭቃ በግድብ ያጠራቅሙታል። የዛሬ ሦስት ዓመት ግድቡ ተደረመሰ።

ጭቃው ወንዙን ሞልቶ ወረደ። ግራጫ ነው፣ እንደ አመድ። ሽታ እንኳ የለውም። ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ወንዙ ዳር ሣር የሚባል ነገር ጠፋ።

ከዚያ ሰዎች በመኪና መጡ። አንደኛው እጁን ከጓንት አያወጣም፤ ሰላም ሲለኝ እንኳ አላወለቀም። «ባለ ጓንቱ» አልኩት። መንደሩ ሁሉ እንደዚያው ጠራው።

ሥራው የወንዙንና የጉድጓዶቹን ውሃ በየማክሰኞው በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ መውሰድ ነው። መርዙ ከወንዙ አልፎ በመሬት ውስጥ ወደ ጉድጓዶቹ መግባቱን ለማወቅ። የተመረዘው ጉድጓድ ግንቡ ቀይ ይቀባል። የሚጠጣው ሰማያዊ።

የእኔን ጉድጓድ የቆፈረው ባሌ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ድንጋዩን አንድ በአንድ የደረደረው በእጁ ነው። እኛ ቤት ውሃ ጠጥቶ ያላመሰገነ ሰው አልነበረም።

ባለ ጓንቱ መጀመሪያ ቀን ከባልዲዬ ውሃ ቀዳ። ወደ ፀሐይ አነሳው። አፍንጫውን ነፋ።

«ድፍርስ ነው» አለ።

ድፍርስ! በእኔ ግቢ ቆሞ፣ ለእኔ!

«ያንተ ዓይን ይሆናል የደፈረሰው» አልኩት።

ልጄ ከት ብላ ሳቀች።

አንድ ልጅ ነበረችኝ። አንድ። ባለ ጓንቱ ሥራውን አስተምሮ እሷን ቀጠራት። ማክሰኞ ማክሰኞ በማለዳ ወጥታ ወንዙን ሽቅብ ትሄዳለች፤ ሰባት ቦታ ቀድታ በስድስት ሰዓት ቤት ትገባለች። ሥራዋን ስታሳየኝ እንደ ሕፃን ነበር የምትፈነድቀው። ጠርሙሱን በዚያው በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ ታለቀልቀዋለች። ሸክ ሸክ ሸክ... ትደፋዋለች። ሸክ ሸክ ሸክ... ትደፋዋለች። ሦስተኛ። ከዚያ እስከ አፉ ጢም አድርጋ ትሞላዋለች፤ አየር እንዳይገባ። ቦታውንና ቀኑን የጻፈችበትን ወረቀት ትለጥፍበታለች። አንገቱ ላይም ክር ታስራለች፣ ወረቀቱ በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ርሶ ቢላቀቅ የየት ውሃ እንደሆነ እንዲታወቅ። የእኛ ቤት ክር አረንጓዴ ነው።

ልጄ ግራኝ ናት። ቋጠሮዋ ወደ ግራ ይዞራል። ፊደል ባልለይም ያንን ቋጠሮ ከሺህ እለየዋለሁ።

የቤታችንን ጉድጓድ ጠርሙስ ለእኔ ተወችልኝ። ከወንዝ ስትመለስ ተዘጋጅቶ እንዲቆያት።

«እማ፣ እንዳለ ነው እሺ? ከባልዲው ወደ ጠርሙሱ። ሌላ ምንም እንዳታደርጊው። እንዳለ።»

«አሁን ውሃ መቅዳት አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት።

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ያ ሰው አፍንጫውን እንደነፋ ዓይኔ ላይ ቀርቷል። ስለዚህ ሰኞ ማታ ውሃውን በእንስራ አሳድረዋለሁ። ጭቃው ይዘቅጣል። ጠዋት ላዩን ቀስ ብዬ በነጭ ጨርቅ አጣራዋለሁ። ከቤቴ ከዚያ ጨርቅ የነጣ ነገር አልነበረም፤ ጠርዙን ራሴ በሰማያዊ ክር ዘምዝሜዋለሁ። ውሃው እንደ መስታወት ይሆናል። ያንን ነው ጠርሙሱ ውስጥ የማደርገው።

ክፋት አልነበረም። እኔ ለእንግዳ ድፍርስ ውሃ የምሰጥ ሴት አይደለሁም። ይኸው ነው።

ጉድጓዴ ሰማያዊ ተቀባ። አምስት ቤት ከእኔ መቅዳት ጀመረ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ልጄ ግን ያጣራሁትን አትጠጣም ነበር። በስድስት ሰዓት ከፀሐይ ትገባና ባልዲውን ከጉድጓድ አውጥታ እንዳለ ትደቅነዋለች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

«ከእንስራው ጠጪ እንጂ» እላታለሁ።

«ይሄ ይቀዘቅዛል፣ እማ።»

በሁለተኛው ዓመት መዳፏ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር አበቀለች። እግሯ ደነዘዘ። ከሳች። ሐኪሙ መዳፏን ገልብጦ አየና፦

«የምትጠጪው ውሃ ምን ዓይነት ነው?» አላት።

ልጄ ፈገግ አለች። «የእኛ ንጹህ ነው ዶክተር። በየሳምንቱ ይለካል። የምትቀዳው እናቴ ናት።»

እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነበር።

አፌን ከፈትኩ።

ዘጋሁት።

ሰው ሁሉ ምላሴ ስለታም ነው ይላል። የዚያን ቀን የት ሄደ?

ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ውሃ እያስመጣሁ በስውር አጠጣኋት። ጊዜው አልፎ ነበር። ሞተች። ስትገነዝ ፊቷን የምሸፍንበት ንጹህ ነገር ፈለግሁ። ያችን ነጭ ጨርቅ አለበስኳት። ከቤቴ ከዚያች ጨርቅ የነጣ አልነበረማ።

እና ከዚያ በኋላስ አትሉም? «ጉድጓዱ የተመረዘ ነው» አልኩ? አላልኩም። ካልኩ፣ ማን እንደገደላት መናገሬ ነው። ባለ ጓንቱ ሊቀዳ ሲመጣ «የልጄን ሥራ ማንም አይነካውም፤ የቤቴን እኔው እቀዳለሁ» አልኩት። አዘነልኝ። ወንዙን ራሱ ያዘና የእኔን ጠርሙስ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይወስድ ጀመር። ጨርቁ ከእሷ ጋር ስለሄደ በእንስራ ብቻ አጠለልኩት።

ሰዎች መቅዳታቸውን ቀጠሉ።

በሞተች በአምስተኛው ወር ነው። ማክሰኞ። ስድስት ሰዓት።

የጠለለውን ውሃ በጠርሙስ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ቤት ውስጥ ነኝ።

ከውጭ ድምፅ ሰማሁ።

ሸክ ሸክ ሸክ...

ውሃ ተደፋ።

ሸክ ሸክ ሸክ...

ተደፋ።

ጎረቤት ነው ብዬ ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ ግን ብድግ አልኩ። ጀሪካን እንደዚያ የሚያለቀልቅ የለም። እንደዚያ የምታለቀልቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ወጣሁ።

ማንም የለም። ዶሮ እንኳ የለም። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል።

የጉድጓዱ ግንብ ላይ ጠርሙስ ቆሟል። እስከ አፉ ጢም ብሎ ሞልቷል። ውሃው ድፍርስ... ግራጫ። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ክር።

ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ።

ጠርሙሱን ከፍቼ ደፋሁት። ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ። ገብቼ የክሩን ጥቅልል ፈለግሁ፤ ከቀበርናት ወዲህ ሣጥን ቆልፌበት ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ሣጥኑን ከፈትኩ።

ጥቅልሉ አለ።

ርሷል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ያው ሆነ። ጠርሙሱን ወስጄ ወንዝ ውስጥ ወረወርኩት። ሲሄድ አይቻለሁ፤ በዓይኔ በብረቱ።

ሐሙስ ባለ ጓንቱ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። አልተቀመጠም።

«እማማ... ስንት ጠርሙስ ነው የሰጡኝ?»

«አንድ። መቁጠር እንኳ አቃተህ?»

«ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ነው ያለው። ሁለቱም አረንጓዴ ክር። እኔ ግን ያሰርኩት አንዱን ብቻ ነው።»

ነጠላዬን አጣፋሁ።

«አንዱ ንጹህ ነው፤ እንደ ሁልጊዜው። ሌላው...» ዝቅ ብሎ አንሾካሾከ፤ የሚሰማን ሰው እንዳለ ሁሉ። «ሌላው ከተፈቀደው ዘጠኝ እጥፍ መርዝ አለበት።»

«የወንዝ ይሆናል። ተቀላቅሎብህ ነዋ።»

«ወረቀት አለው። የእርስዎ ጉድጓድ ይላል። የማክሰኞ ቀን ተጽፎበታል። የዚህ ሳምንት።»

«እና?»

«ጽሕፈቱ የልጅዎ ነው፣ እማማ።»

ሁለታችንም ወደ ጉድጓዱ ላለማየት ታገልን። አየን።

«ማክሰኞ መጥቼ በራሴ እጅ እቀዳለሁ» አለና ሄደ። መኪናው ድረስ እየሮጠ።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሰሞን ከልጄ ይልቅ የፈራሁት እሱን ነው። ቢቀዳ ይታወቃል። ማክሰኞ በጠዋት ቢላዋ ይዤ ወጣሁና የጉድጓዱን ገመድ ቆረጥኩት። ባልዲው እታች ሲወድቅ ሰማሁ። ጧ አለ። ተገላገልኩ ብዬ ገባሁ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢው ውስጥ ሳቅ ሰማሁ።

የጎረቤቴ ምራት ናት፤ ይህችው የምትጽፈው። የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ከጉድጓዱ አጠገብ ጀሪካን ይዛ ቆማለች።

«እማማ! ይሄ ጉድጓድ ዛሬ ምን ነክቶታል?»

«ምን ሆነ?»

«ጀሪካኔን እሞላለሁ፣ ዞር ስል ተደፍቷል። እሞላለሁ፣ ተደፍቷል። ሦስተኛዬ ነው!» ሆዷን መታ መታ አደረገች። «መቼም ይሄ ሆድ ካልገፋው በቀር እኔ አልነካሁትም።»

ሦስት ጊዜ።

«በምን ቀዳሽው?» አልኳት።

«በባልዲው ነዋ።»

ገመዱን አየሁት። ጠዋት የቆረጥኩት ቦታ ላይ ተቋጥሯል።

ወደ ግራ።

«ውይ ጠማኝ» አለች። ባልዲውን አነሳች።

«ቤት ግቢ፤ ከእንስራው ልስጥሽ።»

«ይሄ ይቀዘቅዛል፣ እማማ።»

እንዲህ ነው ያለችው። በዚያው ቃል። ባልዲውን ወደ አፏ ስታስጠጋ መዳፏ ወደ እኔ ተገለበጠ። መሃሉ ላይ ትንሽ፣ እንደ ምስር ያለች፣ የጠጠረች ነገር...

በዚያን ጊዜ ከጉድጓዱ ውስጥ መጣ። በሹክሹክታ።

«እማ...»

ልጅቷ ባልዲውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እማማ... ማነው?»

«እማ... እንዳለ።»

ባልዲውን በጥፊ መታሁት። ውሃው ቀሚሷ ላይ፣ መሬቱ ላይ ተደፋ።

«ንጹህ አይደለም!» አልኩ። ጮህኩ ይሁን አላውቅም። «ንጹህ ሆኖ አያውቅም። እኔ ነኝ ያጣራሁት። በጨርቅ አጣርቼ ነው የሰጠሁት። ልጄን የገደላት ይሄ ነው። አትጠጪ!»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። ሲገባት አየሁት፤ እጇን ቀስ ብላ ሆዷ ላይ አደረገች።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጠጥቻለሁ» አለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ በወደድኩ።

ባለ ጓንቱ ሲደርስ ሁለታችንም ጭቃው ላይ ተቀምጠን ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። እንስራውን፣ ጨርቁን፣ ሐኪሙን። እንዳለ።

መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ።

«መርዙ እኮ ደቃቁ ጭቃ ላይ ነው የሚጣበቀው» አለ። «እሱን አውጥተው ነው የሰጡኝ። ለምን፣ እማማ? ለምን?»

«እንግዳ ነበርክ» አልኩት።

 

ጓንቱን አወለቀ። በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን አየሁት፤ የልጅ እጅ ነው። ዓይኑን ሸፈነበት።

በማግስቱ ግንቡ ቀይ ተቀባ። ጉድጓዱ ላይ የብረት ክዳን አድርገው ዙሪያውን በየዱት። የአምስቱ ቤት ሰዎች ሐኪም ቤት ሄዱ። አንዳንዱ ሰላም አይለኝም። እኔም ሰላም በሉኝ ብዬ አልለምንም፤ ልክ ናቸው።

ይህችን ልጅ ይቅር በይኝ አላልኳትም። በየትኛው አፌ? እሷም ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። ግን በየቀኑ ትመጣለች። ሐኪሙ የሕፃኑ ልብ ይመታል ብሏታል። ገና ስምንተኛ ወሯ ነው፤ ሌላውን ሲወለድ እናያለን አላት። ይህን ታሪክ ጻፊልኝ ስላት «ለምን?» አለችኝ። «የሆነ ቦታ ሌላ ኩሩ አሮጊት ውሃ እያሳመረች ይሆናል» አልኳት። ስልኳን አወጣች።

ክዳኑ ከተበየደ በኋላ የመጀመሪያው ማክሰኞ ያለፈው ሳምንት ነበር።

ከጠዋት ጀምሮ ደጄ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አልዋሻችሁም፣ ናፍቄያታለሁ። ብትመጣ ላያት ነበር። ቁጣም ቢሆን ከእሷ ይሁን ብዬ።

ስድስት ሰዓት ሆነ።

ምንም ድምፅ የለም። ሸክ የሚል የለም። የሚደፋ የለም።

አረፈች አልኩ። አለቀስኩ። ፊቴን ልታጠብ ገባሁ፤ አንድ ጣሳ ውሃ ፊቴ ላይ እስካፈስ ብቻ ነው የቆየሁት።

ስወጣ ክዳኑ ላይ ጨርቅ ተዘርግቷል።

ነጭ። ርሶ ውሃው በቀዩ ግንብ ላይ ይንጠባጠባል... ጠብ... ጠብ...

ጠርዙ በሰማያዊ ክር የተዘመዘመ ነው። የገዛ እጄን ሥራ አላጣውም። ፊቷ ላይ ያለበስኳት ጨርቅ ነው።

ሄጄ ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

መሃሉ ላይ ግራጫ ጭቃ ይዟል። ትንሽ፣ ክብ፣ የሰው አፍ የሚያህል። አፉን ጨርቁ ላይ ገጥሞ በላዩ ውሃ የጠጣ ሰው የሚተወው ዓይነት።

ጨርቁን ገለበጥኩት።

ጭቃው ያለው በውስጥ በኩል ነው። ወደ ፊቷ በነበረው። ከውጭ የገባ ሳይሆን ከአፏ የወጣ።